አሜሪካ ላላችሁ፦ የሆድ ድርቀት መድሃኒት ስትገዙ ገንዘባችሁን እንዳትበትኑ

ፋርማሲ ገብታችሁ የሆድ ድርቀት መደርደሪያው ጋ ስትቆሙ ግራ ያጋባል፣ የእቃው አይነት ብዛቱ፣ የዋጋው ልዩነት። ብዙ ሰው የሚያየው ጠርሙሱ ላይ ያለውን ዋጋ ነው፣ መታየት ያለበት ግን ለአንድ ቀን ስንት ይደርሳል እና እውነት ይሰራል ወይ የሚለው ነው።

በርጩማ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ ወይም እድሜ ከገፋ በኋላ ድንገት የጀመራችሁ ከሆነ ግን መደርደሪያውን ተዉትና ሀኪም ጋ ሂዱ።

ከመግዛታችሁ በፊት የምትወስዱትን ሌላ መድሃኒት እዩ። አይረን፣ ትራማዶል፣ ኮዴን ያለበት ማስታገሻ፣ ቬራፓሚል የሚባለው የደም ግፊት መድሃኒት ሆድ ያደርቃሉ። በራሳችሁ አታቁሙ፣ ዶክተሩን ይቀየርልኝ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ይሄ ምንም አያስወጣም።

ከዛ ፋይበር፣ ሲሊየም ዱቄት ማለት ነው። ከትንሽ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ሁሌም በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ውሃው ካነሰ ጉሮሮ ላይ አብጦ ሊያንቅ ይችላል። ቤት ውስጥ ተልባ ካለ እሱም ፋይበር ነው።

ካልበቃ እኔ ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉት የምለው ፖሊኢታይሊን ግላይኮል 3350 ነው፣ ሚራላክስ የሚባለው። በ2023 የወጣው የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሀኪሞች መመሪያም አጥብቆ ይመክረዋል። ልኩ በቀን 17 ግራም ስለሆነ 510 ግራም ያለው ጠርሙስ 30 ቀን፣ 238 ግራሙ 14 ቀን ይሄዳል፣ ዋጋውን ለቀኑ አካፍሉና አወዳድሩ። የሱቁ የራሱ ብራንድ ውስጡ ያለው ያው ነው፣ ለስም አትክፈሉ። ለመስራት ከ1 እስከ 3 ቀን ስለሚፈጅ በመጀመሪያው ቀን አልሰራም ብላችሁ ሌላ እንዳትገዙ፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው።

ዶኩሴት የሚባለው ማለስለሻ ርካሽ ነው፣ ግን ከባዶ ክኒን እንደሚሻል በጥናት በደንብ አልታየም፣ የማይሰራ ነገር ደግሞ በ1 ዶላርም ውድ ነው። ቢሳኮዲልና ሴና ርካሽም ናቸው ይሰራሉም፣ ማታ ከወሰዳችሁ ጠዋት ያስወጣል፣ ቢሳኮዲልን ግን ለየቀኑ ሳይሆን ሲጠናባችሁ ብቻ ያዙት። ማግኒዥየም ያለበትን የኩላሊት ችግር ያለው ሰው ሀኪም ሳያማክር አይንካው።

እነ ሊናክሎታይድ በማዘዣ የሚሰጡ ናቸው፣ ኢንሹራንስ ካልሸፈነ በወር በመቶዎች ዶላር ያስወጣሉ፣ ኢንሹራንሱም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ርካሹን ሞክሩ ይላል። ስለዚህ የሞከራችሁትን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደወሰዳችሁና ምን እንዳደረገላችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ዶክተሩ ከኢንሹራንሱ ፈቃድ ሲጠይቅላችሁ ያንን ያያይዘዋል። ኤፍ ኤስ ኤ ወይም ኤች ኤስ ኤ (ታክስ ሳይቆረጥበት ለህክምና የሚቀመጥ ገንዘብ) ካላችሁ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ያለ ማዘዣ የሚገዛውንም ይሸፍናል፣ ደረሰኙን አትጣሉ።