ካርቡሬተሩ የመጨረሻ ይሁን፦ ባለ ሁለት ስትሮክ ኢንዱሮ ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢንዱሮ፣ ማለትም ለድንጋያማና አስቸጋሪ መንገድ የተሠራ ሞተርሳይክል፣ ላይ ያለው ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ቀላል ነው ይባላል። እውነት ነው። ካምሻፍት የለውም፤ ክለሳ የሚፈልጉ ቫልቮች ጭንቅላቱ ላይ የሉም፤ ክራንኩ አንዴ በዞረ ቁጥር አንዴ ይተኩሳል። ችግሩ ቀላል በመሆኑ ሁሉም ካቻቢቴ ይዞ ይጠጋዋል። «ያንቀዋል»፣ «አይጎትትም»፣ «የፊት ጎማው አይታዘዝም» ሲባል መጀመሪያ የሚፈታው አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። እኔ ደግሞ ካርቡሬተር መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው ባይ ነኝ። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶች ሥራውን ከተሳሳተ ጫፍ ከመጀመር የሚመጡ ናቸው።

የኋላውን ሾክ ያለ ነጂው ክብደት መተው

ፋብሪካው ሞላውን የሚመርጠው እርስዎን አይቶ አይደለም። በኬቲኤም ኢኤክስሲ ኢንዱሮ ሞተርሳይክል ላይ ለምሳሌ የሚመጣው ሞላ ከ75 እስከ 85 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የታሰበ ነው። 65 ወይም 100 ኪሎ ከሆኑ ሞተርሳይክሉ ገና አልተስተካከለልዎትም ማለት ነው።

ልኬቱ ሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሞተርሳይክሉን ማቆሚያ ላይ ሰቅለው የኋላ ጎማው አየር ላይ እያለ፣ ከጎማው አክሰል ቀጥታ ወደ ላይ የጭቃ መከላከያው ላይ እስካደረጉት ምልክት ድረስ ይለኩ። ቀጥሎ መሬት ላይ አውርደው፣ ማንም ሳይቀመጥበት ይለኩ። በመጨረሻም ሙሉ ልብስዎን፣ ቦቲዎንና ሄልሜትዎን አድርገው፣ እግር ማሳረፊያው ላይ ቆመው ሌላ ሰው ይለካልዎት። ከመጀመሪያው ልኬት በራሱ ክብደት ብቻ ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር፣ ከእርስዎ ጋር ደግሞ ከ100 እስከ 110 ሚሊሜትር አካባቢ ቢወርድ ጥሩ መነሻ ነው። ይህ የኋላው ሾክ ከሚጓዘው 300 ሚሊሜትር ገደማ አንድ ሦስተኛው መሆኑ ነው። የሞዴልዎ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱን ይከተሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እርስዎ ሲቆሙበት የሚወርደው ልክ ሆኖ፣ በራሱ ክብደት ግን ምንም የማይወርድ ከሆነ ሞላው ጠንካራ ይመስላል። የተገላቢጦሽ ነው። ሞላው ለስላሳ ስለሆነ ከላዩ ያለውን የማስተካከያ ቀለበት በጣም አጥብቀው ጨምቀውታል፤ ስለዚህ የሚፈልጉት ጠንከር ያለ ሞላ ነው። ሞተርሳይክሉ ብቻውን በጣም የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ሞላው ለእርስዎ ጠንክሯል። ይህን ሳያውቁ ቀለበት ማጥበቅና ማላላት ጊዜ ማባከን ነው።

ኋላው በጣም ከተቀመጠ የፊቱ ጎማ ይቀላል፤ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ይሸሻል። ኋላው ከፍ ካለ ደግሞ ቁልቁል ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። «የፊት ጎማው አይታዘዝም» የሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው ያለው ከኋላ ነው።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መለወጥ

የሾክ ማስተካከያ ብሎኖች ጠቅ ጠቅ የሚሉ ናቸው። በሰዓት አቅጣጫ ሲዞሩ ሾኩ እንቅስቃሴውን የሚገታበት ኃይል ይጠነክራል። መጀመሪያ በቀስታ እስከ መጨረሻው ሲዘጉ ስንት ጠቅታ እንዳለ ቆጥረው ይጻፉ፤ ያንኑ ያህል መልሰው ይክፈቱ። ከዚያ አንዱን ብቻ፣ በሁለት ሁለት ጠቅታ ይለውጡ፤ ያንኑ አጭር መንገድ ደግመው ይንዱ። የሚለዋወጥ መንገድ ላይ የሚደረግ ሙከራ ምንም አይነግርም።

አንድ ወጥመድ ልጥቀስ። ተከታታይ ጉብታ ላይ ሾኩ ሲደነድንብን «ጠነከረ» ብለን የመጨመቂያውን ብሎን እናላላለን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው የመመለሻው ፍጥነት ነው። ሾኩ ቀስ ብሎ ስለሚመለስ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ እንደወረደ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ በሦስተኛው ላይ የቀረው ጉዞ የለም። መመለሻውን በሁለት ጠቅታ ያፍጥኑትና ልዩነቱን ይዩት። የፊት ሾክ ላይ ደግሞ የአየር ማስተንፈሻ ብሎን ካለ፣ የፊት ጎማው አየር ላይ እያለ ከመንዳትዎ በፊት ያስተንፍሱት። በሞላ ፈንታ በአየር የሚሠራ ሾክ ከሆነ ግን ይህን አይንኩት።

«ዘይቱ ቢበዛ ይሻላል» ማለት

ሞተሩ የሚቀባው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ስለሆነ ሐሳቡ አይገርምም። ግን በጄቱ፣ ማለትም በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን በሚለካው ትንሽ ቁራጭ፣ ቀዳዳ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን ያው ነው። ዘይት ሲጨምሩ የዘይቱን ያህል ቤንዚን ይቀንሳል፤ ድብልቁም ቤንዚን ያንሰዋል። ለደኅንነት ብለው ያደረጉት ነገር ሞተሩን ሊያግለው ይችላል። ዘይት ማሳነስም ያው ፒስተን ይፈጃል። መመሪያው ያለውን ሬሾ ይምረጡ፤ እሱን አይለዋውጡ። ለ10 ሊትር ቤንዚን በ40 ለ1 ሬሾ 250 ሚሊሊትር፣ በ60 ለ1 ደግሞ 167 ሚሊሊትር ያህል ነው። በዓይን ግምት አይሠራም፤ መለኪያ ብርጭቆ ይያዙ። ካርቡሬተሩን ያስተካከሉት በአንድ ሬሾ ከሆነ፣ ሬሾውን ሲለውጡ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሳይሞቅ ማጦዝ

ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ ከሲሊንደሩ ቀድሞ ይሰፋል። ራዲያተሩ በእጅ ሲነካ ሞቅ ሳይል ሙሉ ጋዝ ከሰጡት ሲሊንደሩ ገና ጠባብ እያለ ፒስተኑ ይወፍርና ይጣበቃል። ረጅም ቁልቁለት ላይም ጋዝ ዘግቶ በሞተር ፍሬን ብቻ መውረድ አደጋ አለው። ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ዘይት የያዘው ቤንዚን አይደርሰውም። በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዘው ጋዙን ብድግ ያድርጉት።

የአየር ስርቆትን በጄት ለማከም መሞከር

ይህን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ጋዝ ስለቅ ቶሎ አይወርድም። ጄት ለወጥኩ፣ የካርቡሬተሩን መርፌ አነሳሁ፣ ደግሜ ለወጥኩ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ የተገኘው በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጎማ ላይ የነበረ፣ ሲታጠፍ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሞተሩ ያልተለካ አየር እየሳበ ነበር።

ስለዚህ አንድም ጄት ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይመልከቱ። ያን የማገናኛ ጎማ አጣጥፈው ይዩት። ከሥሩ ያለውን የሪድ ቫልቭ (ድብልቁ ወደ ሞተሩ ገብቶ እንዳይመለስ የሚከለክሉ ቀጫጭን ቅጠሎች ያሉበትን) አውጥተው ቅጠሎቹ ጫፋቸው እንዳልተሸረፈ፣ ጓርኒሲዮኑ እንዳልተቀደደ ያረጋግጡ። የክራንኩ ሁለት የዘይት ማኅተሞችም ያረጃሉ። በማግኔቱ በኩል ያለው ሲያልቅ አየር ይገባል፤ ሞተሩ ይግላል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ሲያልቅ የማርሹ ዘይት ተስቦ ይቃጠላል፤ ጭሱ ይበዛል፣ የማርሽ ዘይቱም ሳይፈስ ይቀንሳል። እርግጠኛ መሆን የፈለገ የሞተሩን መግቢያና መውጫ ደፍኖ ወደ 0.4 ባር አየር ይሙላበትና ይጠብቅ። ግፊቱ ቶሎ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ።

የአየር ፊልትሮውም ንጹሕና በዘይት የተቀባ ይሁን። በቆሸሸ ፊልትሮ የተስተካከለ ካርቡሬተር ፊልትሮው በታጠበ ማግሥት ይሳሳታል።

ትልቁን ጄት ብቻ ማሳደድ

አሁን ካርቡሬተሩ ጋ ደርሰናል። ጋዙ ከተዘጋበት እስከ ሩብ ድረስ የሚገዛው ትንሹ ጄትና የአየር ብሎኑ ነው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ መርፌው ነው። ትልቁ ጄት የሚሠራው ከሦስት ሩብ በላይ ነው። ኢንዱሮ ላይ ደግሞ ድንጋይና ሥር መካከል ሲጓዙ አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ ከግማሽ በታች ነው። ሆኖም ሰው የሚገዛው ትልቁን ጄት ነው። የጋዝ መያዣው ላይ ፕላስተር ለጥፈው ሩቡንና ግማሹን ምልክት ያድርጉ፤ ችግሩ የት ላይ እንደሚመጣ ያን ጊዜ ያውቁታል።

የአየር ብሎኑን ሞተሩ ሞቆ እያለ፣ ሚኒሞው ከፍ እስከሚልበት ድረስ ቀስ ብለው ያዙሩ። ከተዘጋበት አንድ እስከ ሁለት ዙር ውስጥ ቢያርፍ ደግ ነው። ከሁለት ተኩል ካለፈ ትንሹ ጄት በዝቷል፤ ከአንድ በታች ከሆነ አንሷል።

ልብ የሚባል ነገር አለ። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ፈጣንም ይመስላል። ብዙ ፒስተን የሚጠፋው በዚህ ደስታ ነው። ስለዚህ ከበዛው ይጀምሩ፤ ፍርርር የሚለው ድምፅ እስኪጠራ አንድ አንድ ደረጃ ይቀንሱ፤ ከዚያ በኋላ ያቁሙ። የካንዴላው ነጭ ሸክላ የቡና ቀለም ቢይዝ መልካም ነው። ነጣ ካለ አይንዱት። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ አነስ ያለ ጄት ይፈልጋል፤ ያንኑ ጄት ይዞ ወደ ቆላ መውረድ ግን አደገኛ ነው።

ካቴና ማጥበቅ

ማቆሚያ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ካቴናው የላላ ይመስላል። ሾኩ ሲወርድ ግን የፊቱ ጥርስ፣ የኋላው ክንድ መታጠፊያና የኋላው አክሰል በአንድ መስመር ሲሆኑ ይወጠራል። በጣም የተወጠረ ካቴና የማርሹን መውጫ ኩሽኔታ ይበላል። ላላ ቢል ይሻላል።

ለመቀመጫ የተስተካከሉ እጀታዎች

ኢንዱሮ በአብዛኛው ቆመው የሚነዱት ነው። ስለዚህ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎችን ቆመው ያስተካክሉ፤ ክንድዎና ጣቶችዎ በአንድ መስመር እንዲሆኑ። ብሎናቸውን ግን ሙሉ በሙሉ አያጥብቁ። በጠንካራ ግፊያ የሚዞር ይሁን፤ ሲወድቁ ከመሰበር ይልቅ ይዞራል፤ ወደ ቦታው መልሰው ይቀጥላሉ።