ቀዩ ሲበራ ነጮቹ የጨለሙበት የጨዋታ መንደር

ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ከፎም በሠራሁት መንደር ውስጥ ሦስት ነጭና አንድ ቀይ ኤልኢዲ (ትንንሽ የኤሌክትሪክ መብራቶች) አሉ። ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ ሳገናኝ የአንጥረኛው ምድጃ ቀይ መብራት ቦግ አለ፤ የቤቶቹ ነጫጭ መብራቶች ግን ጭል ጭል እንኳ አላሉም። ባትሪ ብቀይር፣ ሽቦ ብነካካ ያው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ አራቱም ጎን ለጎን ተያይዘው አንድ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ዕቃ) ይጋራሉ። ቀይ ኤልኢዲ በ2 ቮልት ገደማ ይበራል፤ ነጩ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል። ቀዩ ቮልቴጁን 2 ላይ ይዞ ያስቀረዋል፤ ነጮቹም ጦማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ባለ 680 ኦም ሬዚስተር በየድሁላቸው። ከ9 ቮልት 3 ሲቀነስ 6 ይቀራል፤ ለ680 ሲካፈል በአንድ ነጭ መብራት የሚያልፈው ፍሰት 9 ሚሊአምፔር አካባቢ ይሆናል። ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ለሆነ ወታደሮች ይህ ከበቂም በላይ ነው።

ሁሉም ሲበሩ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፤ ግድግዳው ራሱ እንደ ፋኖስ ያበራ ጀመር። የውስጡን ገጽ በብሩሽ ጥቁር አክሪሊክ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት። በጣሳ የሚረጨው ቀለም ፎሙን ስለሚያቀልጠው አይሞከርም። ጣሪያዎቹን አላጣበቅኋቸውም፤ ባትሪ ለመቀየር መነሳት አለባቸው።