ፎቶውን «ባዶ» ከማለታችሁ በፊት

ሐዋሳ ሆናችሁ በዙኒቨርስ (ማንም ሰው በኢንተርኔት ሳይንቲስቶችን የሚያግዝበት ድረ ገጽ) የካሜራ ወጥመድ (ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ራሱ የሚያነሳ ካሜራ) ፎቶ ላይ አውሬ የምትለዩ በጎ ፈቃደኞች፣ ይቺን ሞክሯት። የታንዛኒያውን የሴሬንጌቲ ፓርክ ጨምሮ ብዙ ፕሮጀክቶች ላይ ካሜራው አንዴ ሲቀሰቀስ እስከ ሦስት ፎቶ ያከታትላል። አንዱ ላይ አታፍጥጡ። ሁሉም እስኪከፈቱ ጠብቁና (ኔትወርኩ ካዘገመ ያው መታገስ ነው) ቶሎ ቶሎ እየቀያየራችሁ እዩ። ድንጋዩና ቁጥቋጦው ባለበት ይቆማል። የተነቃነቀው ጆሮ ወይም ጭራ ግን ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። አውሬው ከሣሩ ጋር በቀለም ቢመሳሰልም እንቅስቃሴው ያጋልጠዋል። ዓይናችን ለሚንቀሳቀስ ነገር ንቁ ነው።

ነፋስ ካለ ግን አትመኑት፤ ሣሩም ይወዛወዛል። እንዲያውም በፀሐይ የጋለ ሣር ራሱ ካሜራውን ሊቀሰቅሰው ይችላል። የማታ ፎቶ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሚያበራ ዓይን ፈልጉ።