ከዳይፐር መቀየሪያው እስከ ምሳ ዕቃው፦ በሕፃናት ማቆያ የንጽሕናና የምግብ ደኅንነት አሠራር

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደንግጎ ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው የእናት ፈቃድ 90 ቀን ስለሆነ፣ ወደ ማቆያ የሚመጣው ልጅ ብዙ ጊዜ ገና የሦስትና የአራት ወር ጨቅላ ነው፤ ጡጦ የሚጠባ፣ በቀን ደጋግሞ ዳይፐር የሚቀየርለት። ትንሽ ከፍ ያሉት ደግሞ ወለል ላይ እየዳሁ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይከታሉ። እንዲህ ያሉ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሲውሉ ተቅማጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ የአንዲት ሞግዚት ያልታጠበ እጅ ይበቃዋል።

የብቃት ማረጋገጫ ለማውጣትና ለማሳደስ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ፦ የተለየ ወጥ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የሠራተኞች የጤና ምርመራ ማስረጃ፣ የጽዳት መዝገብ። እነዚህን ተቆጣጣሪ በመጣ ቀን ማሳየት ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ውኃ በጠፋበትና መብራት በሄደበት ቀን፣ ወይም አንዷ ሞግዚት በቀረችበት ጠዋት ያንኑ አሠራር መጠበቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ለዚያ ቀን ነው።

እጅና ውኃ

እጅ የሚታጠበው በሚወርድ ውኃ ነው። ሳፋ ላይ ውኃ ሞልቶ ልጆችን በተራ እጃቸውን መንከር የመጀመሪያውን ልጅ ቆሻሻ ለመጨረሻው ማድረስ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ብቻ አይበቃም፤ ሮቶው ሲያልቅ የሚተካ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ወይም ጀሪካን ዳይፐር መቀየሪያው አጠገብ አንድ፣ ወጥ ቤት አንድ፣ የልጆች መመገቢያ በር ላይ አንድ ይቀመጥ። ቁመቱ ልጁ በራሱ የሚደርስበት ቢሆን ይመረጣል። ሳሙና እያሹ 20 ሰከንድ፣ በጣቶች መካከልና ከጥፍር ሥር፣ ከዚያ በሶፍት ማድረቅ። አንድ ፎጣ ለሁሉም ልጅ መስቀል የተለመደ ነው፣ ግን መቅረት አለበት። ቀለበትና ረጅም ጥፍር ያላት ሞግዚት ምንም ያህል ብትታጠብ ከሥሩ ያለው አይወጣም።

ሞግዚቷ የምትታጠብባቸው ጊዜዎች፦ ወደ ክፍሉ ስትገባ፣ ምግብ ወይም ጡጦ ከመንካቷ በፊት፣ ከእያንዳንዱ ዳይፐር በኋላ፣ ልጅን ሽንት ቤት ወስዳ ስትመለስ፣ የልጅ አፍንጫ ከጠረገች በኋላ፣ ቆሻሻ ከጣለች በኋላ። ልጆቹም ከምግብ በፊትና ከሽንት ቤት በኋላ፣ ዳይፐር የተቀየረለት ጨቅላም ጭምር ይታጠባሉ። ሳኒታይዘር በቆሸሸ እጅ ላይ አይሠራም፤ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስንም በሚገባ አይገድልም። ሳሙናና ውኃን የሚተካ አይደለም።

በረኪናን በልክ

በብዙ ማቆያዎች በረኪና የሚለካው በግምት ወይም በጠርሙሱ ክዳን ነው፤ የክዳኑ መጠን ደግሞ ከአምራች አምራች ይለያያል። ሲበዛ የልጆቹን ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፣ ሲያንስ ሽታው ብቻ ይቀራል። ከመድኃኒት ቤት አንድ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝቶ ለዚህ ብቻ ማስቀመጥ ነገሩን ይፈታዋል። ጥንካሬው 5 በመቶ ለሆነ፣ ሽቶ ላልተጨመረበት በረኪና፦

የታጠበ ሳህን፣ ማንኪያ፣ የመመገቢያ ጠረጴዛና ወደ አፍ የሚገባ አሻንጉሊት፦ ለ1 ሊትር ውኃ 3 ሚሊ ሊትር።
ዳይፐር መቀየሪያ፣ ፖፖ፣ የሽንት ቤት መቀመጫና የበር እጀታ፦ ለ1 ሊትር ውኃ 20 ሚሊ ሊትር።
ትውከትና ተቅማጥ የነካው ቦታ፦ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና በ900 ሚሊ ሊትር ውኃ።

ጠርሙሱ ላይ 4 በመቶ የሚል ከሆነ 20 የነበረው 25 ይሆናል። ድብልቁ በየጠዋቱ አዲስ ይዘጋጅ፤ ያደረ ድብልቅ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ፀሐይ የሚነካው ደግሞ ይብሱን። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ነገር ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ቅደም ተከተሉን ነው። በረኪና ቅባትና ሰገራ ሲያገኝ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙናና ውኃ ይታጠባል፣ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በረኪናው ይቀባል። ዕቃና ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ 2 ደቂቃ፣ መጸዳጃና ዳይፐር መቀየሪያ ላይ እስከ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ ቀብቶ ወዲያው መጥረግ ምንም አልሠራም ማለት ነው። ዕቃው በራሱ ይደርቅ። በጨርቅ ማድረቅ፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ ትከሻ ላይ በዋለ ጨርቅ፣ የታጠበውን መልሶ ያቆሽሻል።

ዳይፐር

መቀየሪያው ከወጥ ቤት ይራቅ፣ መታጠቢያ ከእጅ ርቀት አይለፍ። ሽፋኑ የማይሰነጠቅ ፕላስቲክ ይሁን፤ ስፖንጁ የወጣ ፍራሽ ሊጸዳ አይችልም። ዕቃው ሁሉ ልጁ ከመተኛቱ በፊት ይቀርባል፦ ዳይፐር፣ መጥረጊያ፣ ቅባት በሶፍት ላይ ወጥቶ፣ የሚጣል ወረቀት፣ ክዳኑ በእግር የሚከፈት ቆሻሻ መጣያ። ቅባቱን በመሐል በቆሸሸ ጣት ከዕቃው ማውጣት የዚያን ልጅ ሰገራ ለቀጣዩ ማስቀመጥ ነው።

ልጁ ከፊት ወደ ኋላ ይጠረጋል፣ በአንድ መጥረጊያ አንድ ጊዜ። የቆሸሸው ዳይፐር ተጠቅልሎ ይጣላል፣ ጓንትም አብሮ፤ የሞግዚቷ እጅ በመጥረጊያ ይጸዳል፣ አዲሱ ዳይፐር ይታሰራል፣ የልጁ እጅ ይታጠባል፣ ልጁ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ መቀየሪያው ይታጠባል፣ በረኪናው ይቀባል፣ በመጨረሻ ሞግዚቷ እጇን ትታጠባለች። ጓንት ማድረግ መታጠብን አያስቀርም። ልጁ መቀየሪያው ላይ እያለ አንድ እጅ ከእሱ አይነሣ። ፖፖ የሚጠቀሙ ከሆነ ሽንት ቤት ውስጥ ይደፋል፤ እጅ መታጠቢያ ወይም ዕቃ ማጠቢያ ውስጥ የሚለቀለቅ ፖፖ ካለ ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ጡጦ

የዱቄት ወተት ከፋብሪካ ሲወጣ ከጀርም ነጻ አይደለም፤ ክሮኖባክተርና ሳልሞኔላ ሊኖሩበት ይችላሉ። ስለዚህ የሚበጠበጠው ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ውኃ ነው። ቀዝቅዞ ባደረ ፔርሙስ ውኃ መበጥበጥ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን አይገድልም። በብዙ መመሪያ ውኃው ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ድረስ ይጠበቅ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ70 በታች የሚወርደውም ቶሎ ነው። በሰዓት ከመገመት ቴርሞሜትር መንከር ይሻላል። በዚሁ ምክንያት ለመጠጥ የሚፈላ ውኃ በደንብ መንደቅደቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

መጀመሪያ ውኃው ይለካል፣ ከዚያ በቆርቆሮው ማንኪያ ልክ ዱቄቱ ይጨመራል። ወተት ይበርክት ብሎ ማቅጠን ልጁን ያስርባል፣ ይጥገብ ብሎ ማወፈር ኩላሊቱን ያስቸግራል። ጡጦው በቀዝቃዛ ውኃ ይበርዳል፣ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ ተደርጎ ይሞከራል፣ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። ጡጦና ጡቱ ተፈታትተው በብሩሽና በሳሙና ይታጠባሉ፣ ከዚያ ይቀቀላሉ።

እናቶች አልበው የሚያመጡት የጡት ወተት በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ ከ5 ዲግሪ በማይበልጥ ፍሪጅ 4 ቀን ይቆያል። በረዶ ሆኖ የመጣ ከቀለጠ በኋላ በፍሪጅ 24 ሰዓት ነው፣ ተመልሶ በረዶ አይደረግም። የሚሞቀው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ነክሮ ነው፤ ማይክሮዌቭ መሐሉን ያፈላና የልጁን አፍ ያቃጥላል። ልጁ ጀምሮ የተወው በ2 ሰዓት ውስጥ ይደፋል።

በየጡጦው ላይ የልጁ ስም፣ ቀንና ሰዓት ይጻፋል። እዚህ ላይ በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ። እናትየዋ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ያየችውን 10፡00 ብላ ትጽፋለች፣ ሞግዚቷ አሥር ሰዓት ብላ ታነባለች፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ማቆያው የኢትዮጵያን ሰዓትና ቀን ብቻ ወስኖ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን ቃል አስጨምሮ ያጽፍ። የቆርቆሮ ማብቂያ ቀን ደግሞ ሁልጊዜም በአውሮፓውያን ነው፦ 03/2026 የሚል ቆርቆሮ የሚያበቃው በእኛ በመጋቢት 2018 ነው። ዱቄቱ ማቆያ እንደገባ የማብቂያውን ቀን ወደ እኛ ቀይሮ በትልቁ ክዳኑ ላይ መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው።

ምሳ ዕቃና ወጥ ቤት

ምሳ ከቤት የሚመጣበት ማቆያ ትልቁ አደጋው ጊዜ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት የተቋጠረ ፓስታ ቀን 6 ሰዓት ላይ ሲበላ ስድስት ሰዓት ለብ ብሎ ቆይቷል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ጀርም በፍጥነት ይራባል፣ የሚፈቀደውም 2 ሰዓት ብቻ ነው። ማታ ተሠርቶ ምድጃ ላይ ያደረ ሩዝ ወይም ፓስታ ይብሳል፤ ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ቢያሞቁትም አይጠፋም። ለወላጅ የሚነገረው ግልጽ ይሁን፦ ማታ የተሠራው ወዲያው በርዶ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ በበረዶ ከረጢት ይምጣ፣ በር ላይ እንደደረሰ ወደ ማቆያው ፍሪጅ ይግባ። ሲሞቅ እንፋሎት እስኪወጣ፣ መሐሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ነው፤ ከዚያ ቀዝቀዝ ብሎ ለልጁ ይቀርባል።

አጥሚትና ገንፎ በፔርሙስ ከመጣ ፔርሙሱ አስቀድሞ በፈላ ውኃ ይሙቅ፣ ምግቡ እየፈላ ይጨመር። ሲከፈት ከ60 ዲግሪ በታች ከሆነ ይጣል። ለብ ባለ ፔርሙስ ውስጥ የዋለ ወተት ለልጅ ከሚሰጥ ነገር ሁሉ የከፋው ነው። አቅም ካለ ማቆያው ራሱ ቢያበስል ከሁሉም ይሻላል።

ወጥ ቤቱ የሚያስፈልገው ዋና ዕቃ ባለ ዘንግ ቴርሞሜትር ነው። የሚፈተነው በበረዶና ውኃ ድብልቅ ነው፣ 0 ማሳየት አለበት። በፈላ ውኃ ሲፈተን 92 ካሳየ ተበላሽቷል ተብሎ አይጣል፤ ምክንያቱ ከፍታው ነው። ዶሮ መሐሉ 74 ዲግሪ ይድረስ፣ የእንቁላል አስኳል ይጠንክር። ጥሬ ሥጋ መክተፊያ ለብቻው ነው፣ ፍሪጅ ውስጥም የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በትልቅ ድስት የቀረ ወጥ እንዳለ ፍሪጅ ቢገባ መሐሉ ለሰዓታት ትኩስ ሆኖ ይቆያል፤ ከ5 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት በሰፋፊ ሳህን ተከፋፍሎ ይብረድ። መብራት ሲሄድ ፍሪጁ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ይቋቋማል። የሄደበት ሰዓት በሩ ላይ ይጻፍ።

ጥሬ ወተትና ከጥሬ ወተት የረጋ እርጎ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ ለማቆያ አይሆኑም። ሰላጣም ቢቀር ይሻላል፤ አዲስ አበባ ከሚቀርበው ቅጠላ ቅጠል በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማ አለበት። ጎመን ይቀቀል፣ ሙዝና ብርቱካን ይላጥ።

ማጉረስ ፍቅር ነው፣ ነገር ግን በአንድ ሳህንና በአንድ ማንኪያ አራት ልጅ ማጉረስ፣ በአፍ እፍ ብሎ ማብረድ፣ በልጁ ማንኪያ ቀምሶ መልሶ መስጠት መቅረት አለባቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ሳህንና ማንኪያ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማር አይሰጥም፣ በገንፎ ውስጥም ቢሆን፤ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያመጣው የባክቴሪያ ዘር በማብሰል አይሞትም። ከ4 ዓመት በታች ላሉት ለውዝ፣ ኮሎ፣ ጠጣር ከረሜላና የልደት ፈንዲሻ ያንቃሉ፣ ወይን ደግሞ ለአራት ተሰንጥቆ ይቀርባል። የአለርጂ ዝርዝር ወጥ ቤትም መመገቢያም ላይ ይለጠፍ።

ልጅ ሲታመም

ሰገራው ከወትሮው በሁለት ጊዜ የጨመረና የቀጠነ፣ ደም ያለበት፣ ወይም በ24 ሰዓት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ያስመለሰ ልጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የታመመች ምግብ አብሳይም ተቅማጡ ካቆመ 48 ሰዓት ሳይሞላ ወጥ ቤት አትገባም፤ ደመወዟ ካልተነካ ብቻ ነው መታመሟን በጊዜ የምትናገረው።

ልጅ ሲያስመልስ ሌሎቹ ከክፍሉ ይወጣሉ። ጓንትና ማስክ አድርጋ የምታጸዳዋ ሞግዚት ትውከቱን በሶፍት ትሸፍናለች፣ ከዳር ወደ መሐል ሰብስባ በፌስታል ታስራለች፣ ወለሉን በሳሙና አጥባ ጠንካራውን ድብልቅ 10 ደቂቃ ታቆያለች፣ ከዚያ በውኃ ትለቀልቃለች። የልጁ ልብስ ማቆያው ውስጥ አይታጠብም፣ ታስሮ ለወላጅ ይሰጣል። አጠገቡ ክፍት የነበረ ምግብ ይጣላል።

በአንድ ቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች በተመሳሳይ ከታመሙ ግን የቀረው ምግብ አይጣል። ማን ምን እንደበላና መቼ እንደታመመ ይመዝገብ፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያው በዕለቱ ይደወል። ከምግቡ ጥቂት በንጹሕ ዕቃ ታሽጎ፣ ቀንና ሰዓት ተጽፎበት፣ «አይበላም» የሚል ምልክት ተለጥፎበት፣ የልጆች ምግብ ከሌለበት ፍሪጅ ውስጥ ባለሙያው እስኪመጣ ይቀመጥ።