ብሩክነር አልገባኝም ከማለታችሁ በፊት፦ ቅጂ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እውነቱን ልናገር። አንቶን ብሩክነርን ሦስት ዓመት ሙሉ አልወደድኩትም ነበር። የኦስትሪያው የሙዚቃ ደራሲ (1824–1896) ሲምፎኒዎች፣ ማለትም ለሙሉ ኦርኬስትራ የጻፋቸው ባለብዙ ክፍል ረጃጅም ሥራዎች፣ ለእኔ ማለቂያ የሌለው ስብሰባ ነበሩ። ሊያበቃ ነው ብላችሁ ወንበራችሁን ወደኋላ ስትገፉ «አንድ ነገር ልጨምርና» ብሎ እንደገና የሚጀምር ሰብሳቢ ታውቃላችሁ አይደል? ልክ እንደዚያ። ዛሬ ግን እሱን ሳልሰማ የሚያልፍ ሳምንት የለኝም። ብሩክነር ከሞተ መቶ ምናምን ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ እሱ አልተለወጠም። የተለወጠው የማዳምጠው ቅጂ ነው። እዚህ እስክደርስ የሠራኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ፣ እናንተ አትድገሟቸው።

ከስምንተኛው መጀመር

«ትልቁ ሥራው ስምንተኛው ሲምፎኒ ነው» ሲሉ ሰማሁና በቀጥታ እዚያ ገባሁ። ዋና ሳያውቁ ጥልቁ ውስጥ መዝለል ማለት ነው። ፈጠን ባለ አጨዋወት እንኳን ከሰባ ደቂቃ በላይ ይወስዳል።

በሰባተኛው ጀምሩ። ቫዮሊኖቹ በሹክሹክታ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከሥራቸው ቼሎዎቹ (ወፍራም ድምፅ ያላቸው ትልልቅ ባለክሮች) ከአንድ ሆርን (የተጠቀለለ የነሐስ መለከት) ጋር አንድ ዜማ ያነሳሉ። ዜማው ይወጣል፣ ይወጣል፣ አንድ ደቂቃ ያህል እስኪሞላ አይወርድም። ብሩክነርን በስልሳ ዓመቱ ሰው ያደረገው ይሄ ሲምፎኒ ነው፤ በታኅሣሥ 30 ቀን 1884 (በፈረንጆቹ) ላይፕዚግ ውስጥ አርቱር ኒኪሽ ኦርኬስትራውን መርቶ ሲያቀርበው። ካልሆነም አራተኛው አለ፣ በብቸኛ ሆርን ጥሪ የሚከፈተው። ደግሞም ሰልችቷችሁ ብታቋርጡ አትፈሩ። በ1877 ቪየና ላይ ሦስተኛውን ራሱ ብሩክነር ሲመራ ሕዝቡ እየተነሳ ወጥቶበታል። መጨረሻ ላይ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ፣ በኋላ ራሱም ዝነኛ የሲምፎኒ ደራሲ የሆነው ወጣቱ ማህለር ነበር።

አንድ ቅጂ ሰምቶ መፍረድ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ስምንተኛውን ሁለት የኦርኬስትራ መሪዎች እንዴት እንደመሩት እዩ። ኦይገን ዮሁም በ1964 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ሲቀርጸው 74 ደቂቃ አካባቢ ወሰደበት። ሰርጂዩ ቼሊቢዳኬ በ1993 ከሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ጋር በመድረክ ያቀረበው ደግሞ ከ100 ደቂቃ በላይ ነው። ኖታው አንድ፣ እትሙም አንድ፣ ልዩነቱ ግን ግማሽ ሰዓት! የመጨረሻው ክፍል ብቻ ዮሁም ጋ 20 ደቂቃ ገደማ፣ ቼሊቢዳኬ ጋ 32 ደቂቃ ነው።

ያንን ክፍል አጠገብ ለአጠገብ ስሙት። መጀመሪያው ላይ ባለክሮቹ አንድ ድምፅ ደጋግመው እየመቱ ይገሰግሳሉ፣ ከላያቸው ትላልቆቹ የትንፋሽ መሣሪያዎች ያውጃሉ። ዮሁም ጋ ፈረስ ነው፣ ኮቴው አቧራ ያስነሳል። ቼሊቢዳኬ ጋ ደግሞ የጥምቀት ዕለት ታቦት ሲሸኝ እንደሚሄደው ሕዝብ ነው፤ ማንም አይቸኩልም፣ እርምጃው ሁሉ ክብደት አለው፣ ግን ወደ አንድ ቦታ እየሄደ መሆኑን አንዴም አትጠራጠሩም።

የእኔ ችግር ምን መሰላችሁ? መጀመሪያ ያገኘሁት የቼሊቢዳኬን ነበር። ዝግ ያለው ሦስተኛ ክፍል ብቻ 35 ደቂቃ ነው፤ አሥራ አምስተኛዋ ላይ ዘጋሁት። ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ቼሊቢዳኬ ቅጂ የሚባል ነገር አይወድም ነበር፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ድምፁ አዳራሹ ውስጥ ተሰራጭቶ ሲመለስ እየሰማ ነው። አብዛኞቹ የሙኒክ ቅጂዎቹም በ1996 ከሞተ በኋላ በቤተሰቡ ፈቃድ የወጡ ናቸው። እኔ ደግሞ አዳራሹ በሌለበት፣ ተኝቼ፣ በአንድ ጆሮዬ ኢርፎን ሰክቼ ነበር የማዳምጠው። በኋላ በዮሁም መንገዱን ካወቅኩት ወዲህ ወደ ቼሊቢዳኬ ተመለስኩ፤ አሁን ማታ ማታ የምመርጠው እሱን ነው።

ይሄ ነገር ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ትዝታን ከአንድ ዘፋኝ ብቻ ሰምቶ «ትዝታ አይመቸኝም» የሚል ሰው ብታገኙ ትስቁበታላችሁ።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ መክፈት

ብሩክነር ሥራውን ደጋግሞ የሚያርም ሰው ነበር። «ሲምፎኒ ቁጥር 4» የሚል ሽፋን ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የ1874ቱ አራተኛና የ1878/80ው አራተኛ ሦስተኛ ክፍላቸው ጭራሽ ሌላ ሙዚቃ ነው! ያ ሁሉም የሚያወራለት፣ ሆርኖቹ እንደ አዳኝ የሚጠራሩበት ክፍል የመጀመሪያው ላይ የለም። ያንን ፍለጋ የከፈታችሁት የ1874ቱን ከሆነ እስከ መጨረሻው ትጠብቁታላችሁ፣ አይመጣም።

ስምንተኛውም እንደዚያው ነው። በ1887 ጨርሶ ለመሪው ለሄርማን ሌቪ ላከው፤ ሌቪ አልተቀበለውም። ብሩክነር ክፉኛ አዘነ፣ ከዚያ ግን ቁጭ ብሎ እንደገና ሠራውና በ1890 ጨረሰው። የመጀመሪያው ክፍል በ1887ቱ ላይ በታላቅ ጩኸት ያበቃል፣ በ1890ው ላይ ደግሞ እንደሚከስም ፋኖስ ቀስ እያለ ይጠፋል። ሌቪ እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ ያንን መጨረሻ አናገኘውም ነበር። (ስለዚህ እኔ ሌቪን ብዙም አልቀየመውም።)

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሰባተኛው ሲምባል (እርስ በርስ የሚጋጩት ሁለት የነሐስ ሳህኖች) ነው። ሁለተኛው ክፍል፣ ብሩክነር የኦፔራ ደራሲውን የቫግነርን ሞት እያሰበ የጻፈው ማለት ነው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ሲምባል ይመታል። ወይም አይመታም። የእጅ ጽሑፉ ላይ ሲምባሉ ያለው በተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው፣ እዚያው ላይ ደግሞ «አይሠራም» የሚል ተጽፎበታል። ማን እንደጻፈው እስከዛሬ ያከራክራል። ኖታውን ለኅትመት ያዘጋጀው አርታኢ ሃስ አወጣው፣ ከሱ በኋላ የመጣው ኖቫክ መለሰው። ዮሁም ያስመታል፣ ሌላው መሪ ጉንተር ቫንድ አያስመታም። እኔ ከሚያስመቱት ጋር ነኝ፤ ሃያ ደቂቃ ስወጣ የቆየሁትን ተራራ ያለ ሲምባል መጨረስ ሠርግ ላይ እልል የሚል ሰው እንደማጣት ይሆንብኛል።

ባጭሩ ከቁጥሩ አጠገብ ዓመቱንና የአርታኢውን ስም እዩ። ለጀማሪ አራተኛውን የ1878/80ውን፣ ስምንተኛውን የ1890ውን።

ዝነኛ ስም ብቻ መፈለግ

«የምንጊዜም ምርጥ» የሚሉ ዝርዝሮች ሁሌም እነዚያኑ አራት አምስት ስሞች ያመላልሳሉ። መጥፎ ናቸው አላልኩም። ግን ጌኦርግ ቲንትነር የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው ሽማግሌ መሪ ሰማንያ ዓመቱ አካባቢ፣ ናክሶስ ለሚባለው ርካሽ ዋጋ ለሚያስከፍል አሳታሚ፣ ሁሉንም ሲምፎኒዎች ቀርጿል፤ አብዛኞቹን ከስኮትላንድ ኦርኬስትራ ጋር። የ1887ቱን ስምንተኛ መስማት ከፈለጋችሁ እዚያ አለላችሁ። በዘመናዊ ሙዚቃ የሚታወቀውን ፈረንሳዊ መሪ ፒየር ቡሌዝንም ማንም ከብሩክነር ጋር አያስበውም ነበር። በ1996 ግን ስምንተኛውን ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር ቅዱስ ፍሎሪያን ገዳም ውስጥ መራው፤ ብሩክነር ኦርጋን ይጫወትበት የነበረ፣ አሁንም ከኦርጋኑ ሥር የተቀበረበት ቦታ ነው።

ከጥንታዊ ቅጂ መጀመር

ጀርመናዊው መሪ ፉርትቬንግለር በ1944 በርሊን ላይ፣ ጦርነቱ መሃል፣ የቀረጸው ዘጠነኛ ያስፈራል። ድምፁ ግን የድሮ ሬዲዮ ነው። ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ጊዜ አቆዩት።

በስልክ ስፒከር ማዳመጥ

ብሩክነር የኦርጋን ሰው ነው። ድምፅ በግዙፉ ይደረድራል፣ ከዚያ ድንገት ያቆማል። ዝም። ኦርጋን ተጫዋች ሕንፃው ውስጥ የሚያስተጋባው እስኪሰክን እንደሚጠብቀው ማለት ነው። እኔ ታክሲ ውስጥ እያዳመጥኩ ዳታዬ ያለቀ መስሎኝ ስልኬን ያወጣሁበት ቀን አለ፤ ለካ ሰውዬው ቆም ብሎ ነው! ጅማሬዎቹ ደግሞ በጣም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ አልሰማ ብሏችሁ ድምፁን ከጨመራችሁ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ጎረቤት ይቀሰቀሳል። ደህና ሄድፎን፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ቅደም ተከተሉን የሚያዘበራርቀው የስልኩ ሻፍል ደግሞ ይጥፋ።

ሙሉውን ከሙሉው ማወዳደር

ሦስት ቅጂ ሙሉ በሙሉ አከታትሎ መስማት ቅጣት ነው። የሰባተኛውን የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ውሰዱ። አንድ፦ ዮሁም ከድሬስደን ኦርኬስትራ ጋር። ሁለት፦ መሪው ካራያን ከቪየና ጋር፣ በ1989 ሊሞት ወራት ሲቀሩት የቀረጸው የመጨረሻ ቅጂው። ሦስት፦ ቫንድ ከበርሊን ጋር፣ 1999።

«ክላሲካል እንቅልፍ ነው» የሚል አንድ ጓደኛዬን ባለፈው እሁድ እንዲህ አሰማሁት። የመጀመሪያው ላይ ስልኩን እየነካካ ነበር። ሁለተኛው ላይ ቀና አለ። ሦስተኛውን ሳልጨርስለት «ቆይ ቆይ፣ ሁለተኛውን ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት፣ ሁለት ደቂቃው ላይ ላቆመው እጄን ስዘረጋ «ተወው» አለ። ቶናውን ስናነሳ ቡናው ቀዝቅዞ ነበር።