የጀልባ አሮጌ ቀለም ሲላጥ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የደንገል ታንኳ ቀለም አይሻም። ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ሲያረጅ ሌላ ይታሰራል። በጣና ሐይቅ ላይ ከባህር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ወደ ጎርጎራ የሚመላለሱት የብረትና የፋይበር ግላስ ጀልባዎች ግን በየጊዜው ወጥተው መላጥና መታደስ አለባቸው። አዲሱ ቀለም በዓመቱ ሲረግፍ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ቀለሙ ነው። ጥፋቱ ግን በአብዛኛው ከሥሩ ነው፤ ማለትም ከአላላጡና ከአዘገጃጀቱ።

አንደኛው ስህተት ወቅትን አለማየት ነው። ክረምት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ጀልባ ለማውጣት የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን የተላጠ ብረት እርጥበት ካገኘው በሰዓታት ውስጥ ቀይ ዝገት ይለብሳል። ከጥምቀት በኋላ እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ጊዜ ይሻላል።

ጀልባውን በክሪክ ብቻ አንስቶ ከሥሩ መግባትስ? ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው። ክብደቱ በወፍራም ጠርብ ላይ ይረፍ፤ ግራና ቀኙም በደንብ ይደገፍ።

ከውሃ እንደወጣ አለማጠብም ሥራን ያበዛል። ከሆዱ ላይ የተጣበቀው አረንጓዴ አተላ እርጥብ ሳለ በብሩሽ ይለቃል፤ ከደረቀ ግን እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። ከዚያ ዘይቱንና ናፍጣውን በሳሙና ውሃ አስለቅቁ። ዘይት ሳይለቅ ግራይንደር ከተነሳ መሣሪያው ዘይቱን ወደ ብረቱ ያሸዋል፣ አዲሱ ቀለምም እዚያው ላይ ይፈነቀላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በጣም የሚያሳስበኝ አቧራው ነው። በአሮጌ ቀለም ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ይችላል። ዛሬ በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚከለክል ደንብ አለ። ከደንቡ በፊት የተቀባውን ጀልባ ግን ማንም አልመረመረውም። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የማያደርስ መጠኑም አይታወቅም። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ በግራይንደር ማብነን፣ ወይም በእሳት ማቃጠል ትልቅ ስህተት ነው። ውሃ እየረጫችሁ በእጅ በብርጭቆ ወረቀትና በስፓቱላ ላጡ። ኤሌክትሪክ መሣሪያና ውሃ ግን አይገናኙ። የጨርቅ ማስክ ይህን አቧራ አያቆምም፤ ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ልጆች ወደ ሥራው አይጠጉ። በሥራ ልብሳችሁም ቤት ገብታችሁ ልጅ አትቀፉ፤ ልብሱን አውልቃችሁ ለብቻው እጠቡት።

ፍርፋሪው የት ይሄዳል? ዳር ላይ ከተላጠ ነፋስ ወስዶ ጣና ይጨምረዋል። ከጣና ቆሮሶ ይጠመዳል፣ ከብት ይጠጣል፣ አባይም ከዚያው ይወጣል። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። ነገር ግን ያንን ምዝገባ የሚጠብቀው እኛ የምናነጥፈው ሸራ ነው። ከጀልባው ሥር ሰፊ ሸራ አንጥፉ፣ ነፋስ ሲበረታ ሥራ አቁሙ። ፍርፋሪውን በእርጥቡ ሰብስባችሁ በሚዘጋ ዕቃ አኑሩ። አታቃጥሉት፣ ሜዳም አትበትኑት።

የብረት ጀልባ ላይ ሦስት ነገር ይደጋገማል። የመጀመሪያው፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ መጥረግ። የሚያብረቀርቅ ብረት ንጹሕ ይመስላል፤ ቀለም ግን የሚይዘው ሻካራ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ዝገት የቦረቦረውን ላሜራ እኩል እስኪሆን መሞረድ። ያኔ የቀረውን ብረት ራሳችሁ ታሳሱታላችሁ። በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ድምፁ ከለዘዘ ወይም ከጎደጎደ፣ መበየድ ያለበት ቦታ ነው። ሦስተኛው፣ ቀለሙ ሳይነሳ ብየዳ መጀመር። ጭሱ መርዝ ነው፣ ብየዳውም ድክም ያለ ይሆናል። ዙሪያውን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ላጡ። ነዳጅ ያለበት ታንክ አጠገብ መበየድ ጭራሽ አይታሰብ።

ከውሃ በታች ያለውን ጎድጓዳ ቦታ በመኪና ስቱኮ መሙላትም አይሠራም። ስቱኮው ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ብረቱ መዛጉን ይቀጥላል። ለዚያ ቦታ የሚሆነው ኤፖክሲ ነው፤ ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚጠነክር ሙጫ።

ፋይበር ግላስ ሌላ ጸባይ አለው። ብረት ላይ የለመዳችሁትን ቀለም አስለቃቂ ኬሚካል አታፍስሱበት፤ ላይኛውን ለስላሳ ሽፋን ይበላዋል። እሳትም አይነካው። ቆዳው ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ ካያችሁ ክፈቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ፈሳሽ ከወጣ ውሃ ውስጡ ገብቷል ማለት ነው። በንጹሕ ውሃ እጠቡና ለሳምንታት አድርቁ። ባለ ጀልባው ቸኩሎ ላዩን ቢያስቀባ፣ ፊኛው ተመልሶ ይመጣል።

በመጨረሻ ጤዛ። ማለዳ ላይ ብረቱ ደረቅ መስሎ ስስ ውሃ ሊኖረው ይችላል። ደንቡ፣ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚጥልበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲበልጥ፣ የአየሩ እርጥበትም ከ85 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። መለኪያ ከሌላችሁ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ቦታ አብሱ። እርጥበቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከደረቀ መቀባት ይቻላል። በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) መቀባት የምትችሉትን ያህል ብቻ ላጡ፤ ሙሉውን ልጦ ለነገ ማሳደር ግማሹን ሥራ እንደገና መሥራት ነው። ከሰዓት በኋላም ማታ ጤዛ ሳይጥል እንዲደርቅ ቀደም ብላችሁ አቁሙ።

አንድ ተጨማሪ ምክር። በኢንተርኔት የምታዩት አብዛኛው የባሕር ጀልባ ነው። ጣና ጨዋማ ስላልሆነ ሁሉም ነገር አይገጥምም። ለምሳሌ በጀልባው ብረት ፈንታ ዝገት እንዲበላው ሆዱ ላይ የሚታሰረው ቁራጭ በባሕር ላይ ዚንክ ነው፤ በጣና ዓይነት ውሃ ማግኒዚየም ይሻላል። ያንን ቁራጭም ቀለም አትቀቡት፤ ከተቀባ ሥራውን ያቆማል።