የሰኔ 14 አስማት፦ የዓመቱን ረጅም ቀን ሐዋሳ ላይ አድርጎ ለልጆች መጻፍ

የዓመቱ ረጅም ቀን ለልጆች በሚጻፉ የውጭ ምናባዊ ልቦለዶች ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ መልክ አለው፦ አልመሽ ያለ ምሽት፣ ጫካ ውስጥ የሚነድ እሳት፣ የአበባ ጉንጉን፣ ከዛፍ ሥር የሚከፈት በር። ይህን እንዳለ አንስታችሁ ሐዋሳ ላይ ብታስቀምጡት አያስኬድም። ስቶክሆልም ላይ ያ ቀን 18 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን አለው። ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ወጥታ ማታ 12፡45 ገደማ ትጠልቃለች፤ የታኅሣሡ አጭር ቀን ከሰኔው የሚያንሰውም በ50 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ልዩነት ልብ አይለውም፤ ልብ ያላለውን ደግሞ አያምናችሁም። በዚያ ላይ ሰኔ ክረምቱ የሚገባበት ወር ነው።

እዚህ በዓይን የሚታየው የጥላው ነገር ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት፤ ፀሐይ ሰኔ 14 ላይ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለምትዘልቅ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ስለዚህ ከመጋቢት 30 ገደማ እስከ ነሐሴ 29 ገደማ የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ዓመት ወደ ሰሜን። አስማታችሁን በዚህ ላይ ሥሩት።

መጀመሪያ ጥላውን ለኩ

1 ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ፣ ክር፣ ትንሽ ድንጋይ፣ ማስመሪያና ጠመኔ ይበቃል። ዱላውን ሲሚንቶ ላይ ወይም በደንብ በተደለደለ መሬት ላይ አቁሙ፤ ድንጋዩን በክሩ አንጠልጥላችሁ ዱላው አለመዝመሙን አረጋግጡ። ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ በየ4 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። አጭሩ ጥላ የሚመጣው 6፡28 ገደማ ሲሆን ርዝመቱ 29 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አዳማ ላይ 27 ይሆናል። ታኅሣሥ 12 ላይ እዚያው ሐዋሳ ብትደግሙት 59 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ሰሜን ይተኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ 6 ሲል ለክቶ ነው፤ ያኔ ጥላው ወደ ደቡብ ምዕራብ ያጋድላል። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ባለው የ45 ዲግሪ መስመር ስለሆነ ፀሐይዋ ወደ 28 ደቂቃ ትዘገያለች። ቀኑ ደመና ከሆነባችሁ በሌላ ቀን ሞክሩ፤ ከሰኔ 7 እስከ 21 ባለው ጊዜ ልዩነቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አይሞላም።

ከልኬቱ ሕግ አውጡ

አስማት ለልጅ የሚጥመው ሕግ ሲኖረው ነው። መቼ ይሠራል? ምን ይችላል? ምን ያስከፍላል? ሦስቱንም ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በፊት ወስኑ። ለምሳሌ ሰዓቱ 6 ካለበት አንስቶ ፀሐይዋ እኩለ ቀን እስክትደርስ ያሉት 28 ደቂቃዎች የማንም አይደሉም እንበል። በእነዚያ ደቂቃዎች የ11 ዓመቷ ቤዛ ጥላዋን ልካ ዕቃ ታስመጣለች። ጥላው የሚሄደው ወደ ደቡብ ብቻ ነው፤ የፈለገችው ነገር በስተሰሜን ካለ መጀመሪያ ራሷ አልፋው መሄድ አለባት። በተመለሰ ቁጥር ጥላው በአንድ ጣት ያጥራል። እሱ በመንገድ ላይ ሳለ ደመና ከሸፈነ ደግሞ መመለሻው ይጠፋበታል። ወቅቱ ክረምት ነውና ደመናው ሳይጠሩት ይመጣል፤ ክፉ ጠንቋይ መፍጠር ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

አስማቱ ሲፈጸም አንድ ነገር ብቻ ቀረብ አድርጉ፦

«ሰዓቱ 6፡20 ይላል። ቤዛ ጫማዋን አውልቃ የጋለው ሲሚንቶ ላይ ቆመች። ጥላዋ ከተረከዟ ሲላቀቅ የደረቀ ፕላስተር ሲነሳ እንደሚቆጠቁጠው ቆጠቆጣት። ‹ሂድ፣ ቶሎ በል!› አለችው። ታቦር ተራራ ላይ የነበረው ደመና ግን እየቀረበ ነበር።»

ተረከዙ ይበቃል። ብልጭታ፣ ነጎድጓድና ወርቃማ ጭስ ሲደራረቡ ልጁ የትኛውን እንደሚያይ ይጠፋዋል።

የታሪኩን አጽም ሰማዩ ራሱ ይሰጣችኋል። መጋቢት 30 ገደማ ጥላ ከእግር ሥር ይጠፋል፤ ታሪኩ እዚያ ይጀምር። ሰኔ 14 ወደ ደቡብ የመጨረሻ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ነሐሴ 29 ገደማ እንደገና ይጠፋል፤ በሩ እዚያ ይዘጋ። በመካከሉ 149 ቀናት አሉ። ቀጥሎ የምትመጣው ጳጉሜን ለመውጫ ምዕራፍ እንደተሰናዳች ናት።

የሌላ አገር ልማድ ስትበደሩ

ድርጊቱን ውሰዱ፣ ጌጡን ተዉት። ስዊድን ውስጥ ልጃገረዶች የዓመቱ ረጅም ቀን በሚከበርበት ሌሊት ሰባት ዓይነት አበባ ለቅመው ትራስ ሥር ካደረጉ የወደፊት ባላቸውን በሕልም ያያሉ ይባላል። ባሉ ለአሥር ዓመት አንባቢ ምኑም አይደለም፤ ሰባት ነገር ለቅሞ ተኝቶ መልስ መጠበቁ ግን ይሠራል። ላትቪያ ውስጥ ሰዎች የፈርን አበባ ፍለጋ ሌሊት ይወጣሉ። ፈርን ጨርሶ አበባ የማያወጣ ተክል ነው፤ የሌለ ነገር ፍለጋ ደግሞ በራሱ ሴራ ነው። ዩክሬንና ፖላንድ ውስጥ የአበባ ጉንጉን በወንዝ ላይ ይለቀቃል፤ ወንዙም ይዞት ይሄዳል። ሐዋሳ ሐይቅ ግን ጥቁር ውሃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለም። እዚህ የተለቀቀ ምኞት ዞሮ ዞሮ ወደ ዳር ይመለሳል፤ ባለቤቱ ምኞቱን ትቶት ቢሆንስ? ይሄኛው ከወንዙ የተሻለ ታሪክ ይወጣዋል።

ወቅት ማምታታት የተለመደ ጥፋት ነው። ሰኔ ላይ የአደይ አበባ ጉንጉን ካሠራችሁ የሐዋሳ ልጅ እዚያው ይይዛችኋል፤ አደይ የመስከረም ናት። የቡሄ ችቦም የነሐሴ ነው። ልጆቹን ማታ ሐይቅ ዳር ካወጣችኋቸው ደግሞ ጉማሬ በሌሊት ለግጦሽ ከውሃ እንደሚወጣ አትርሱ።

ፊቼ ጫምባላላን በጥንቃቄ ያዙት። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ቀኑን የሚወስኑት ሰማዩን የሚያነብቡ አያንቶዎች ናቸው። በእውን ያሉ፣ የተከበሩ ሰዎች ስለሆኑ ጠንቋይ አድርጋችሁ አትሳሏቸው። ቤዛ ሄዳ ብትጠይቃቸው ግን ያምራል። ደመራና ጥምቀትንም ለአስማት መሣሪያነት አታውሉ፤ ወላጅ መጽሐፉን የሚዘጋው እዚያ ላይ ነው።

ከማሳተማችሁ በፊት

ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች 2500 ቃል ይበቃል፤ የመጀመሪያው አስማት 400ኛው ቃል ሳይደርስ ይታይ። ለልጆች ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «ለምን ዝም ብላ እንዲህ አላደረገችም?» ያሉበት ቦታ ሁሉ ሕጉ የላላበት ነው። በየትዕይንቱ ጠርዝ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጥላውን አቅጣጫ በእርሳስ ጻፉ፦ ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ እኩለ ቀን ወደ ደቡብ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው፤ በረቂቃችሁ ውስጥ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሆኖ ፀሐይ ከውሃው ስትወጣ የሚያይ ሰው ካለ ሰርዙት።